ከኢታንግ ወዲያ በማይሞላ ባትሪ

ከጋምቤላ የወጣነው በማለዳ ነው፤ ማለዳ ስል ግን ፀሐይ ሳትወጣ የሞቀ ማለዳ ማለቴ ነው። ጊዜው የበጋው አጋማሽ ነበር። በዚያ ወራት ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይቻል አልጋዬን ግቢ አውጥቼ፣ ከወባ ትንኝ ጋር ስታገል አድሬ፣ ዓይኔን እያሸሁ ነበር የጤና ቢሮው በር ላይ የደረስኩት። እንቅልፍ ካልጠገበ ሰው ጋር መንገድ መውጣት አይመከርም፤ አብረውኝ የሚሄዱት ግን ምርጫ አልነበራቸውም።

የምንሄደው ከኢታንግ ወዲያ ባሮን ተከትሎ ወደሚገኝ አንድ የኑዌር መንደር ነው። የሚወስደን ኩፍኝ ነው። ወሬውን ያመጣው የመንደሩ ጤና ረዳት ኮንግ ነበር። ኮንግ ረጅም፣ ዝምተኛ ወጣት ነው፤ እስከ ኢታንግ በእግሩ፣ ከኢታንግ ወዲህ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መጥቶ፣ በዋዜማው ቢሮ እንደገባ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እንዲህ ብሎን ነበር፦

«ኩፍኝ ገብቷል። ልጆች ሞቱ። የእህቴ ልጅም ሞተ። አንድ ቀረች፣ ኛቦል ትባላለች። ክትባቱን ስጡኝ፣ አሁን እመለሳለሁ።»

ክትባት ግን በኪስ ተይዞ የሚኬድበት ነገር አይደለም። ከበረዶ ከተለየና ሙቀት ካገኘው ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ መልኩ አይለወጥም፣ ውሃውም ያው ውሃ ነው። ስለዚህ እኔ ነርሷ፣ በረዶ የታጨቀበት የክትባት ሳጥን፣ መርፌውና መኪናው አንድ ላይ መሄድ ነበረብን። የሆስፒታሉ ጀኔሬተር በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ በረዶው በደንብ አልጠነከረም። ነገ ማታን ያልፋል ብዬ አላመንኩም። ከዚያ በፊት መድረስ አለብን፤ ሌላ ክትባት ከአዲስ አበባ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም።

ክልሉ ገና ክልል መባልን የሚለምድበት ጊዜ ነበር። የቢሮዎቹ ሰሌዳ ቀለሙ ገና አዲስ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ከደጋ የመጣን ሠራተኞች ግማሾቻችን ዝውውር ጠይቀን እንጠባበቃለን፤ የአገሩ ልጆች ደግሞ አዲሱ አስተዳደር ማንን ያስቀራል፣ ማንን ያሰናብታል እያሉ ይሰጋሉ። እኔ ከጎጃም መጥቼ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ የዓመት ፈቃድ ወጥቼ አላውቅም። የሚተካኝ ሰው ሲገኝ ትሄጃለሽ ይሉኛል፤ የሚተካኝ ሰው ግን አይገኝም።

መኪናችን አሮጌ የናፍታ ፒካፕ ነው። ሾፌሩ ጋሽ መኮንን የጎሬ ሰው ናቸው፤ ጥሩ ሾፌር፣ ጥሩ ተጫዋች፣ ስለ መኪናቸው ክፉ ሲነገር የማይወዱ። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ዘበኞቹን ጠርተው አስገፉት።

«ባትሪው አርጅቶ ነው» አሉኝ ሞተሩ ሲነሳ። «አይዞሽ ሲስተር፣ አንዴ ከተነሳ ማንም አያቆመውም።»

የኢታንግ መንገድ

የባሮን ድልድይ ወደ ኋላ ትተን ሜዳውን ያዝነው። ደጋ ለኖረ ሰው የዚህ አገር ሜዳ ያስፈራል፤ ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ የለም። ሳሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል። ክረምት ላይ የጭነት መኪናዎች ጭቃውን ያረሱት ቦይ አሁን እንደ ሸክላ ደርቆ ስለቀረ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚኬደው፤ ዝግ ብሎ፣ እየዘለሉ። የክትባት ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ አቅፌዋለሁ። ኮንግ በመካከላችን ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ደርሷል።

እኩለ መንገድ ላይ ከብት መንገዱን ሞልቶት አገኘን። ከብቱ መጨረሻ የለውም። ጋሽ መኮንን ጥቂት ጠበቁና፣ የናፍታ ነገር ሁልጊዜ ስለሚያሳስባቸው፣ በልማድ ሞተሩን አጠፉት። ያጠፉት እጃቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ምን እንዳደረጉ ገብቷቸዋል። ከብቱ ካለፈ በኋላ ቁልፉን ሲያዞሩት «ጫጭ» የምትል ድምፅ ብቻ ወጣች።

ወረድን። ሳጥኑን ጥላ ያለበት አስቀምጬ እኔም ገፋሁ። ሁለት እረኞች ጦራቸውን መሬት ላይ ሰክተው አገዙን። በሜዳ ላይ መኪና መግፋት ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል፤ መኪናው ራሱን አያግዝም። ሦስት ጊዜ ሞክረን ሲነሳ እረኞቹ እየሳቁ ለኮንግ አንድ ነገር አሉት። ኮንግ ግን አልሳቀም።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ላም ብትሆን እንዲህ የደከመችውን እናርድ ነበር አሉ።»

እየሄድን ጋሽ መኮንንን ያዝኳቸው። ተናድጃለሁ፤ ስናደድ ደግሞ መጠየቅ እወዳለሁ።

«ባትሪ ሲያረጅ ምንድን ነው የሚሆነው?»

«ስሚ፣ ባትሪ ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ ያስቀምጣል እንጂ። ጎተራ በይው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው፣ ማስነሻዋ ትንሽ ሞተር፣ ትልቁን ሞተር ለማንቀሳቀስ ከጎተራው ይዝቃል። የሚዝቀው ለአፍታ ነው፣ ግን ብዙ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ እንደዚህ ያለው አሮጌ የናፍታ ሞተር ባትሪ አያስፈልገውም። አሁን አውጥቼ ብጥለው እንኳ ይሄዳል።»

«የተዛቀውን ማን ይመልሰዋል ታዲያ?»

«ዲናሞው ነዋ! ሞተሩ ሲዞር ቺንጋው፣ የጎማ ቀበቶው ማለቴ ነው፣ ዲናሞውን ይዞት ይዞራል። ዲናሞው ሲዞር ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ እሱን ለባትሪው ይመልሳል። ከልክ በላይ እንዳይሰጠው ደግሞ ተቆጣጣሪ አለው፤ ያለዚያ ባትሪው ይፈላል። ጤነኛ መኪና ሲነሳ ያወጣውን መንገድ ላይ መልሶ ያገኛል። ይሄኛው ጎተራው አርጅቶ አልይዝ ብሎ ነው።»

«ወይም የሚመልስለት አጥቶ ነው» አልኩ፤ ስለ መኪናው አልነበረም የምናገረው። ደክሞኝ ነበር፤ ያን ዕለት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊትም ደክሞኝ ነበር። እያንዳንዱ ጉዞ አንድ ነገር ከእኔ ይወስዳል፤ የሚመለስ ነገር ግን የለም። ጋሽ መኮንን ነገሬ ስላልገባቸው ስለ ቺንጋ ጥብቀት ማስረዳታቸውን ቀጠሉ።

ኢታንግ

ኢታንግ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ተጠልለውባት የነበሩት የሱዳን ስደተኞች ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ከተማዋ ባዶ ሆናለች፤ የፈረሱ ጎጆዎች ምሰሶና የዛገ ቆርቆሮ በየቦታው ይታያል። ያረፍነው ከድር ሱቅ ነው። ከድር ከጅማ በኩል የመጣ ነጋዴ ሲሆን፣ በከተማዋ የቀረው ደህና የጋዝ ፍሪጅ የእሱ ነው። ከባሮ የወጣ ትኩስ አሳ ጠብሶ አቀረበልን፤ አሳው ርካሽ ነው፣ ለስላሳው ግን ከጋምቤላ ዋጋ እጥፍ ነው። ሞተሩን አላጠፋነውም። ጋሽ መኮንን አንድ ዓይናቸውን ከመኪናው ሳያነሱ በሉ።

ኮንግ መሄድ ፈለገ። ጋሽ መኮንን ግን ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ሲመሽ አልሄድም አሉ፤ መብራት ባበራ ባትሪው ጨርሶ ይሞታል ብለው። በጀልባስ ብንል፣ የከተማዋ ሰዎች ወንዙ ወርዷል፣ አሸዋው በየቦታው ወጥቷል፣ ነገ ማታም አትደርሱም አሉን። ስለዚህ አደርን። ከድር ሳልጠይቀው ለስላሳዎቹን ከፍሪጁ አውጥቶ የሳጥኑን የበረዶ ማሸጊያዎች ከተተልኝ።

«የሚሸጠውስ?» አልኩት።

«ሙቅ ለስላሳ ይጠጡ፤ ለአንድ ቀን አይሞቱም» አለኝ።

የወንዙ አፋፍ

ጠዋት ከድር ግቢ ስወጣ መኪናው የለም። ደንግጬ ወደ ወንዙ ስመለከት፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት፣ ጀልባ የሚታሰርበት አፋፍ ላይ አፍንጫውን ወደ ባሮ አድርጎ ቆሟል። ጋሽ መኮንን ማታ እዚያ ወስደው አቁመውታል።

ጎሬ ላይ ባትሪ የደከመበት ሾፌር እንዲህ ነው የሚያደርገው። መኪናውን ቁልቁለት አናት ላይ አቁሞ ያድርና ጠዋት ፍሬኑን ለቅቆ ይንከባለላል፤ ሰፈር በሙሉ ቁልቁለት ነው፣ ማንንም መለመን አያስፈልገውም። ኢታንግ ላይ ግን ቁልቁለት የለም። በከተማዋ ያለው ቁልቁለት አንድ ብቻ ነው።

«ጋሽ መኮንን፣ ይሄ ቁልቁለት የት ነው የሚያልቀው?»

«ከማለቁ በፊት ይነሳል።»

«ካልተነሳስ?»

«ሲስተር፣ እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው» ብለው ገቡ።

ፍሬኑን ለቀቁት። መኪናው ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ፈጠነ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ሲለቁት ሞተሩ መነሳት ነበረበት፤ የባሮ ዳር ግን አሸዋ ነው። ጎማዎቹ ሞተሩን በማዞር ፈንታ ተንሸራተቱ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እየጮሁ ግራና ቀኝ ተበተኑ። መኪናው ፊት ለፊት ወደ ውሃው ገብቶ፣ የፊት ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ሲሰምጡ ቆመ። ጋሽ መኮንን መሪውን እንደያዙ ወንዙን እያዩ ቀሩ።

ሴቶቹ ማንም እንዳልተጎዳ ሲያዩ ሳቁ። ሳቃቸው አላቆም አለ። እኔ ማልቀስ ነበር ያማረኝ። ኮንግ ልብሱን ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ገብቶ ብቻውን መከላከያውን ይገፋ ጀመር፤ መኪናውን ብቻውን እንደማያነቃንቀው ያውቃል፣ ግን ቆሞ ማየት አልቻለም።

ከድር ገመድ አመጣ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ እየዘፈኑ ጎተቱት። ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲቆም ፀሐይዋ ማቃጠል ጀምራ ነበር። ውሃው ሞተሩ ድረስ አልደረሰም። ሳጥኑን ከፈትኩ፤ የከድር ፍሪጅ ያጠነከረው በረዶ ጥሩ ነው፣ ግን እስከ ማታ ብቻ የሚሆን ነው። ጋሽ መኮንን አጠገብ ኮፈኑ ጥላ ላይ ተቀመጥኩ። ለመቆጣት አቅም ስላልነበረኝ፣ ከመቆጣት ይልቅ በሽተኛ ፊት የማደርገውን አደረግሁ።

«መቼ ጀመረው?» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሕመሙ። መቼ ነው መጀመሪያ አልነሳ ያለው?»

አሰቡ። «ከገና በኋላ ነው።»

«ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ?»

«አንዳንዴ። ለምሳሌ ጎሬ ደርሼ ስመለስ ደህና ነው። በዚህ በቆላው መንገድ ስሄድ ነው የሚደክመው።»

«ባትሪ ካረጀ ጎሬ ላይ ለምን ወጣት ይሆናል?»

ቀና ብለው ኮፈኑን አዩ።

«ከገና በፊትስ ምን ሆኖ ነበር? የተነካ ነገር አለ?»

«ቺንጋው ላልቶ ነበር። አጠበቅሁት፣ ዳነ።» ከሱሪያቸው ላይ አሸዋ አራገፉ። «እና አምፖሏን አወጣኋት።»

«የትኛዋን?»

ተነስተው በሩን ከፈቱና ከመሪው ጀርባ፣ የባትሪ ሥዕል ያለባትን ትንሽ መስኮት በጣታቸው አሳዩኝ። ነገሩን በእውነት እንደዚህ ብለው ነው የነገሩኝ። ቺንጋው በላላ ሰሞን ያቺ ቀይ መብራት ትበራ ነበር። በዚያው ሰሞን አዲሱ መሥሪያ ቤት ንብረት የሚቆጥሩ ሰዎች ላከ። ቀይ መብራት ካዩ መኪናው ጅማ ጋራዥ ይግባ ይላሉ፤ ጅማ የገባ መኪና ደግሞ አይመለስም፤ የቀድሞው ፒካፕ እንደሄደ ቀርቷል። መኪና ከሌለ ክትባት የለም፣ በሽተኛ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ አምፖሏን ነቀሏት። ሰዎቹ መብራት የሌለበት ጤነኛ መኪና ቆጥረው ሄዱ። በኋላ ቺንጋው ሲጠበቅ አምፖሏ የገባችበት ጠፍቷቸው ነበር፤ ወሬ ከመንገር ሌላ ሥራ የላትም ብለው ተዉት።

«ወሬ ነጋሪ ናት ብዬ ነው» አሉና በዚያው ቆሙ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «ውይ! ውይ መኮንን!»

«ምነው?»

«ዲናሞ ዝም ብሎ ስለዞረ አይሠራም እኮ። ውስጡ ያለው ሽቦ መጀመሪያ ማግኔት መሆን አለበት፤ ለዚያ ከባትሪው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ለማንቂያ ያህል። ያቺ ትንሽ የምትሄደው በአምፖሏ በኩል ነው! ቁልፍ ስትከፍቺ የምትበራው ለዚያ ነው። ዲናሞው ሲነቃ እሱም ከወዲያ ይገፋል፣ ባትሪው ከወዲህ ይገፋል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ አምፖሏ መሐል ላይ ትጠፋለች። እሷን ስነቅል መንገዱን ነው የቆረጥኩት።»

«ጎሬስ?»

«የጎሬን ዳገት ስወጣ ሞተሩ በኃይል ሲዞር፣ ከድሮ በቀረችው ማግኔት ራሱን ይቀሰቅሳል። በዚህ በቦይ ውስጥ ዝግ ብለን ስንሄድ ግን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የሚዞረው። እኔ ባትሪውን ስሰድብ፣ ባትሪው ምን አጠፋ!»

ኮንግ ከውሃ እንደወጣ እያንጠባጠበ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «ጋሼ» አለ፤ «ብትናገር መኪናውን ይወስዱታል ብለህ ነው?»

«አዎ፣ ለዚያ ነው።»

ኮንግ ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ቆይቶ ነው የተመለሰው።

ጋሽ መኮንን የፍጥነት መቁጠሪያውን በማታ የምታበራውን አምፖል ነቅለው በቀይዋ ቦታ ተከሏት። የኢታንግ ሰው ሁሉ መጥቶ ገፋ፤ የሳቁት ሴቶች ሳይቀሩ ገፉ። ሞተሩ ተነሳ። ቀይዋ አምፖል ድክም ብላ በራች፤ ጋሽ መኮንን ነዳጅ ሰጡት፤ ጠፋች። የፊት መብራቱን ቢያበሩት በቀን እንኳ ደምቆ ታየ። እንደ ልጅ አጨበጨቡ። እኔም ደስ አለኝ፤ ድካሜ ግን አልለቀቀኝም፣ ግማሽ ቀን አጥተናል።

መንደሩ

ከኢታንግ ወዲያ መንገድ የሚባል ነገር ስለሌለ ኮንግ ከፊት ሆኖ በእጁ ይመራ ነበር። እዚህ ግራ፣ እዚያ ዛፉን አልፈህ ቀኝ። ቀይዋ አምፖል ዳግም አልበራችም። መንደሩ ስንደርስ ሳጥኑን አወዛወዝኩት፤ ውስጡ ገና ያልቀለጠ በረዶ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከጋምቤላ ከወጣሁ ጀምሮ ትከሻዬ የወረደው ያን ጊዜ ነው።

ኮንግ መኪናው ሳይቆም ወርዶ ሮጠ። ተከተልኩት። እህቱ ጎጆው በር ላይ ልጅቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ኛቦል አንድ ዓመት አልፏት ይሆናል። ዓይኗ ቀልቷል፤ አፍንጫዋ ይፈስሳል፤ ከጆሮዋ ኋላ እስከ አንገቷ ሽፍታው ወጥቷል። ኩፍኝ መሆኑን ለማወቅ መንካት አላስፈለገኝም።

እህትየዋ ሳጥኑን አይታ ተነሳች፤ የልጅቷን ክንድ ገልጣ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«ኮንግ፣ ንገራት» አልኩት። «ክትባቱ ላልታመመ ነው። ለታመመ አይጠቅምም። የቫይታሚን ኤ እንክብል እሰጣታለሁ፣ ትንፋሿን አያለሁ። መርፌው ግን ለእሷ አይደለም።»

ኮንግ ወደ እህቱ ዞረ። ከዚያ ነገራት። የተናገረው አጭር ነበር። እህቱ የልጅቷን ክንድ አላጠፈችም፤ እንደዘረጋች ቆየች፤ ከዚያ አንድ ነገር አለችው።

«ይሄን ልታመጣልኝ አይደለም ወይ የሄድከው አለችኝ» አለ ኮንግ በአማርኛ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። ልጆቹ ተሰለፉ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ መጨረስ ነበረብን። እያንዳንዱን ልጅ ክንዱን ይዞልኝ የነበረው ኮንግ ነው። ያለቀሰውን አባበለ፤ የሸሸውን አሳድዶ አመጣ። ለሰው ሁሉ ልጅ ያመጣውን መርፌ ለእህቱ ልጅ ሳያስወጋ፣ ሳጥኑ እስኪያልቅ ድረስ ከሰልፉ አልተለየም።

ስንጨርስ ወተት የፈሰሰበት የማሽላ ገንፎ ሰጡን። ጋሽ መኮንን ግን አልበሉም።

«ሲስተር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትናንት ብንደርስ ኖሮ? እኔ አምፖሏን ባልነቅላት?»

መዋሸት አላስፈለገኝም። «ትናንትም አይረዳትም ነበር። ኩፍኝ ሰውነት ውስጥ ብዙ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ኛቦልን ለማዳን ከሁለት ሳምንት በፊት መምጣት ነበረብን። በእርስዎ አይደለም።»

ጋሽ መኮንን ተነፈሱ። ያን ጊዜ ነው ከአጠገባችን የነበረው ኮንግ የተናገረው።

«በእኔ ነው።»

ጤና ኬላው ውስጥ ላለው የክትባት ፍሪጅ ጋዝ ካለቀበት ቆይቷል። ክትባቱ ተበላሸ። ጋዝ አልቋል ብሎ ቢያመለክት፣ ለምን አስቀድመህ አልተናገርክም፣ ክትባቱን አበላሸህ ይሉኛል ብሎ ፈራ። አዲስ አስተዳደር ነው፤ ሰው እየተቀነሰ ነው ይባላል፤ እሱ ከሄደ መንደሩ ሌላ ጤና ረዳት የለውም። የመጀመሪያው ልጅ ሽፍታ ሲያወጣ፣ የሙቀት ይሆናል ብሎ ለራሱ ነገረው።

«ከኢታንግ ሰው ሲመጣ፣ መንደሩ ደህና ነው? ይላል። እኔ ደህና ነው እላለሁ» አለ። «ከዚያ የእህቴ ልጅ ሞተ። ከዚያ ሄድኩ። ጋሼ አምፖሉን ሲናገር፣ እኔን የሚናገር መሰለኝ።»

ጋሽ መኮንን ገንፎውን ከፊታቸው አንስተው ወደ ኮንግ ገፉለት። እኔም አልተቆጣሁትም። ስንት ጊዜ ደክሞኝ ሳለ «ደህና ነኝ» እንዳልኩ ብቻ አሰብኩ።

መመለሻ

ጠዋት የኛቦል ትንፋሽ ፈጥኖ፣ የጎኗ አጥንት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ኩፍኙ ሳንባዋን ይዞታል። የመጀመሪያውን የፔኒሲሊን መርፌ ወጋኋት፤ ይህኛው ለእሷ የሚሆን ነበር። እናቷ ግን በዚያ መርፌ አልተጽናናችም። ልጅቷ ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ጋሽ መኮንን ገቡና ቁልፉን አዞሩት። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ማንም አልገፋም፤ ማንም አላጨበጨበም። እናትና ልጅ ከፊት ከእኔ ጋር፣ ኮንግ ከኋላ ሆነን መንገድ ገባን። ኢታንግ ላይ ከድር መስኮቱ ድረስ መጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ሰጠኝ፤ ለልጅቷ ግንባር ነው። ባዶውን ሳጥን አይቶ «ደረሰ?» አለኝ። «ለብዙዎቹ ደርሷል» አልኩት።

በዚያ መንገድ ላይ የማስታውሰው የኛቦልን ትንፋሽ መቁጠሬን ነው። ለነርስ ይህ ሥራ ነው፤ ያን ቀን ግን እየቆጠርኩ እለምን ነበር። መኪናው ቦይ ውስጥ በገባ ቁጥር እናቷ ልጇን ከፍ አድርጋ ትይዛታለች፣ ጋሽ መኮንን ይቅርታ ይላሉ፤ እሷ አማርኛ አትሰማም፣ እሳቸው ግን በየጉድጓዱ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ጋምቤላ ስንገባ ፀሐይዋ ወደ ባሮ አዘቅዝቃ ነበር። ሆስፒታሉ ልጅቷን ተቀበለን። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ስሄድ ኛቦል ጡት እየጠባች አገኘኋት። ዓይኗ እንደቀላ ነው፤ ትንፋሿ ግን ረግቷል። እናቷ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን መለሰች። ልትወደኝ አይገባም፤ ልጅቷ መጥባቷ በቂዬ ነው።

ከዚያ ሦስታችንም የጤና ቢሮው ኃላፊ ዘንድ ገባን። ኃላፊው አዲስ የተሾመ ወጣት ነው፤ ሥራ የበዛበት፣ ለሁሉም ትሁት የሆነ። ከመስክ ለሚመለስ ሰው ሁሉ እንደሚለው «ጉዞ እንዴት ነበር? ሰላም ነው?» አለ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል፣ ከዚያ ነገር ሁሉ ተሸፋፍኖ ያልፋል። እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ያችን መልስ መፍራት ነው። አፌን ልከፍት ስል ኮንግ ቀደመኝ።

«ሰላም አይደለም» አለ።

ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ጋዙን፣ የተበላሸውን ክትባት፣ የመጀመሪያውን ሽፍታ፣ ደህና ነው ያለበትን ቀን። ጋሽ መኮንን የአምፖሏን ነገር ጨመሩ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ደክሞኛል አልኩ፤ እንዲህ እንዳለሁ ሌላ ክትባት ይዤ ብወጣ እሳሳታለሁ አልኩ።

ኃላፊው ወረቀት ስቦ እስክሪብቶውን አነሳ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር።

«ኮንግ» አለው፤ «ሥራህን አልወስድብህም። አንድ ነገር ግን እውነቱን ንገረኝ። ጋዝ አልቆበት እንደ አንተ ዝም ያለ ሌላ ጤና ረዳት አለ?»

ኮንግ አየኝ፣ ከዚያ ጋሽ መኮንንን አየ።

«ብዙ ነን» አለ፤ ወንዙን ተከትሎ አንድ በአንድ የመንደሮቹን ስም ይጠራ ጀመር።